ሃማማትሱ፥ ሞተርና ኤሌክትሪክ የተጋቡባት ከተማ

ስለ ጃፓን ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ቶኪዮ ነው። ዛሬ ግን ከቶኪዮ በስተምዕራብ 257 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ወደ ሃማማትሱ ልወስዳችሁ አስቤአለሁ። የምንሳፈረው በኦክቶበር ወር 1964 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ፈጣን ባቡር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ያ ወር የኛው አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያገኘበት ወር ስለ ሆነ፥ ለማስታወስ አያስቸግራችሁም።

የጉዞአችን ምክንያት ከተለመደው የጐብኚ ጉዳይ ይለያል። ቤተ መቅደስ ወይም የአበባ ሥፍራ ለማየት አይደለም። ለፍጥነት ተብሎ በተሠራ ሞተር ብስክሌት ላይ የእጅ ማሞቂያ፥ የሞባይል መሙያ፥ ተጨማሪ መብራትና ይህን የመሳሰሉ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች እንዴት እንደሚገጠሙ፥ ሽቦአቸውም እንዴት እንደሚዘረጋ ለመማር ነው። «ይህማ የጋራዥ ነገር ነው፤ ለተማሪና ለጸሓፊ ምን ያደርግለታል?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ባልተጠበቀ ሽቦ ምክንያት ነዳጅ የተሸከመ ሞተር በሰው ጉልበት መካከል ጢስ ሲያወጣ፥ ጉዳዩ የጋራዥ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ከተማዋና ነፋሷ

ባቡሩ እንደየዐይነቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተጕዞ ሃማማትሱ ያደርሳችኋል። ከጣቢያው እንደ ወጣችሁ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታያችሁ በ1994 ዓ.ም. የተሠራው፥ 213 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ነው። መልኩ በአፍ የሚነፋውን ሃርሞኒካ እንዲመስል ተደርጎ ታንጿል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያማሃና ካዋይ የሚባሉት የፒያኖ ሠሪዎች የተነሡት ከዚችው ከተማ ነው። በምሥራቅ የቴንርዩ ወንዝ፥ በምዕራብ የሃማና ሐይቅ፥ በደቡብ ሰላማዊው ውቅያኖስ ያዋስኗታል። ስምንት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባታል። ምሳ ያማራችሁ እንደ ሆነ፥ ከተማዋ በፍም ላይ ተጠብሶ ከሩዝ ጋር በሚቀርብ እባብ መሰል ዓሣ የታወቀች ናት። መልኩ ቢያስፈራችሁም ጣዕሙ አያሳፍራችሁም።

ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ ግን ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣ ደረቅና ብርቱ ነፋስ ከተማዋን ይመታታል። የአገሩ ሰዎች በጥንቱ የአውራጃው ስም «የኤንሹ ደረቅ ነፋስ» ይሉታል። ይህን ነፋስ በሞተር ብስክሌት ላይ ሆኖ ፊት ለፊት የተቀበለ ሰው ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በጊዜው አይጨብጥም። እንግዲህ በመሪው እጀታ ላይ የሚገባው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለአንዳንዱ ሰው ቅንጦት ቢመስልም፥ በእንዲህ ያለ አገር የሕይወት ጉዳይ ነው።

የቀጥቃጩ ልጅ

ሶይቺሮ ሆንዳ በ1906 ዓ.ም. ዛሬ በሃማማትሱ ክልል ውስጥ በምትገኘው በኮምዮ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ጊሄይ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ልጁ በ1922 ዓ.ም. ወደ ቶኪዮ ሄዱና በአንድ የመኪና ጥገና ቤት በተለማማጅነት ገቡ፤ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ የዚያኑ ቤት ቅርንጫፍ በሃማማትሱ ከፈቱ። ቈየት ብለው የፒስቶን ቀለበት እሠራለሁ ብለው ሲነሡ ብረቱ እንቢ አላቸው። እጃቸው የሚያውቀውን ያህል ስለ ብረት ጠባይ አለማወቃቸውን በተረዱ ጊዜ፥ የራሳቸው ሠራተኞች ያሏቸው ሰው ሳሉ በሃማማትሱ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣቶች ጋር ተቀምጠው ተማሩ።

ይህ ትምህርት ቤት ራሱ ሊጎበኝ የሚገባው ነው። ዛሬ የሺዙኦካ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ክፍል ሆኗል። ኬንጂሮ ታካያናጊ የተባሉት መምህር ዲሴምበር 25 ቀን 1926 ዓ.ም. አንዲት የጃፓን ፊደል በኤሌክትሪክ አማካይነት አስተላልፈው በመስተዋት ቱቦ ላይ እንድትታይ ያደረጉት በዚሁ ነበር። በዓለም የቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚጠራ ፊደል ናት።

ጦርነቱ በ1945 ዓ.ም. ሲያበቃ ሃማማትሱ በቦምብ ፈራርሳ ነበር። ባቡሩ ተጨናንቆ፥ ነዳጅ ጠፍቶ፥ ሕዝቡ በብስክሌት ይንቀሳቀስ ነበር። ሆንዳ በ1946 ዓ.ም. ከጦር ሠራዊቱ የተረፉ ትንንሽ ሞተሮች አገኙ። ሞተሮቹ የተሠሩት ለራዲዮ መገናኛ የሚሆን ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ነበር። እርሳቸውም አንዱን ወስደው በብስክሌት ላይ አሰሩት። ለመጀመሪያው ሙከራ በነዳጅ ማጠራቀሚያነት ያገለገለው፥ ጃፓኖች ፍል ውሃ ሞልተው እግራቸውን የሚያሞቁበት ዕቃ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሆንዳ የመጀመሪያው ሞተር አስቀድሞ የተፈጠረው መንኰራኵር ለማዞር ሳይሆን ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ነው። ዛሬ እኛ በሞተር ብስክሌት ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስንጨምር አዲስ ጋብቻ የምንፈጽም ይመስለናል እንጂ፥ ሁለቱ ከተጋቡ ቈይተዋል።

የቀሩትም ጎረቤቶች ታሪካቸው ከዚህ አይርቅም። ሚቺዮ ሱዙኪ በ1909 ዓ.ም. የጀመሩት የሽመና መኪና መሥራት ነበር፤ ድርጅታቸው በብስክሌት ላይ የሚታሰር ሞተር ያወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ቶራኩሱ ያማሃ በ1887 ዓ.ም. የአንድ ትምህርት ቤት ኦርጋን ተበላሽቶ ሲጠግኑ የሙዚቃ መሣሪያ ሥራን ተማሩ፤ በስማቸው የሚጠራው ፋብሪካ በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት አወጣ። ዛሬም በያማሃ ሞተር ላይ የምታዩት ምልክት ሦስት የድምፅ መቃኛ ሹካዎች ተጋጥመው ነው። ሸማኔ፥ ሙዚቀኛና ቀጥቃጭ በአንድ ሰፈር ሞተር ሠሩ ማለት ነው።

ወደ ሰሜን በቀዩ ባቡር

ከተማውን ካያችሁ በኋላ፥ ከትልቁ ጣቢያ አጠገብ ከሚገኘው ከሺን ሃማማትሱ ጣቢያ በቀዩ የአገር ውስጥ ባቡር ተሳፈሩ። ከ18 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያነሰ ተጕዛችሁ ኒሺ ካጂማ ስትደርሱ፥ ቴንርዩ ሃማናኮ ወደሚባለው የገጠር መሥመር ትዛወራላችሁ። ወንዙን ስትሻገሩ ፉታማታ ናት። በ1936 ዓ.ም. የተሠራው የቀድሞው የከተማው ጽሕፈት ቤት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ሆንዳ ሕይወትና ስለ እጅ ሥራ የሚያስተምር ቤት ሆኗል። የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች የነበሩበት ቤት ለአንድ የቀጥቃጭ ልጅ መታሰቢያ ሆነ።

በዚያው መሥመር ወደ ምሥራቅ ስትቀጥሉ ሞሪ የምትባል ትንሽ ከተማ ትመጣለች። የሻይ ተክልና ጂሮ የሚባለው የካኪ ፍራፍሬ የሚታወቁባት ናት። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው ዴይቶና የተባለው የጃፓን ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነው። ሥራው ሞተር ብስክሌት መሥራት ሳይሆን በሞተር ብስክሌት ላይ የሚጨመረውን ማቅረብ ነው፤ የእጅ ማሞቂያው፥ የሞባይል መሙያው፥ ኤሌክትሪኩን ለየዕቃው የሚያከፋፍለው ሣጥን በካታሎጉ ተደርድሯል። እንግዲህ ትምህርታችንን እዚህ ላይ ብንጀምር ቦታው ይስማማል።

ደመወዝና ወጪ

ፈጣኖቹን ሞተሮች አስቡአቸው፤ ሱዙኪ በ1985 ዓ.ም. ያወጣውን ጂ.ኤስ.ኤክስ.-አር. 750፥ ያማሃ በ1998 ዓ.ም. ያወጣውን አር.1፥ በ1999 ዓ.ም. የመጣውንና ስሙ ጭልፊት የሚሆነውን ሃያቡሳን። ነፋስ እንዲሰነጥቁ በፕላስቲክ ልብስ ተሸፍነዋል፤ ክብደት እንዳይበዛም ሁሉ ነገር ተጠጋግቶ ተሰክቷል። ትርፍ ቦታ የላቸውም። ከቦታው የበለጠ ግን ትርፍ ኤሌክትሪክ የላቸውም።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ዲናሞው ደመወዝ ነው። ባትሪው ቁጠባ ነው። መብራቱ፥ የነዳጅ ፓምፑ፥ እሳት የሚያስነሣው ካንዴላ፥ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋሻ የማይቀሩ የቤት ወጪዎች ናቸው። የእንዲህ ያሉ ሞተሮች ዲናሞ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ዋት ያመነጫል፤ ከዚህ አብዛኛውን ሞተሩ ራሱ ይበላዋል። የሚተርፈውን ትንሽ ገንዘብ ሳያውቁ ዕቃ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ደመወዙም ይቀንሳል፤ በከተማ መንገድ ላይ መብራት እየጠበቁ ሲቆሙ ሙሉው 400 ዋት አይገኝም።

ተማሪዎች፥ ስሌቱን አብረን እንሥራ። ዋትን በቮልት ስታካፍሉ አምፔር ይወጣል። በ12 ቮልት ላይ 36 ዋት የሚበላ የእጅ ማሞቂያ 3 አምፔር ይወስዳል። 18 ዋት የሞባይል መሙያ 1 ተኩል አምፔር ነው። እያንዳንዳቸው 15 ዋት የሆኑ ሁለት መብራቶች 2 ተኩል አምፔር ይሆናሉ። ድምሩ 84 ዋት፥ 7 አምፔር። ይህን ቁጥር ሞተሩ ከሚያተርፈው ጋር ሳታስተያዩ አንድ ብሎን አትፍቱ።

ሌባም አለ። አንዳንድ ዕቃ ቁልፉ ተዘግቶ እንኳ ጥቂት ጥቂት ይጠጣል። ሞተሩ የት እንዳለ የሚጠቁም መሣሪያ 20 ሚሊ አምፔር ብቻ ቢወስድ በቀን ወደ ግማሽ አምፔር ሰዓት ይሆናል። የእንዲህ ያለ ሞተር ባትሪ ግን ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 አምፔር ሰዓት አይበልጥም። ለዐሥር ቀን ክፍለ ሀገር ብትሄዱ፥ ስትመለሱ የቁጠባው ግማሽ ሄዶ ይጠብቃችኋል፤ ሞተሪኖውም አልነሣም ሊል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ማሞቂያው አይደለም፤ ትንሽ የቮልት መለኪያ ነው። ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ቆሞ ሳለ 12 ቮልት ከግማሽ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ስትነዱ ደግሞ መለኪያው ከ13 ተኩል እስከ 14 ተኩል ማሳየት አለበት። እየነዳችሁ ከ13 በታች የሚወርድ ከሆነ ከቁጠባ እየበላችሁ ነው።

ሽቦው ሲዘረጋ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቁልፉን ዝጉ፤ ከባትሪው መጀመሪያ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፥ መጨረሻ የሚታሰረውም እርሱ ነው። ምክንያቱም የሞተሩ አካል በሙሉ ከኔጌቲቩ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው ብረቱን ቢነካ ብልጭታው እጃችሁ ላይ ነው።

ከፖዘቲቩ የሚነሣው ሽቦ በቅርቡ፥ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ፥ ፊውዝ ይግባበት። ብዙዎች ፊውዝ ዕቃውን የሚጠብቅ ይመስላቸዋል። የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ከብረት ጋር ሲፋተግ ቆይቶ ልብሱ ቢላጥ፥ ፊውዝ የሌለበት ባትሪ በቅጽበት ከመቶ አምፔር በላይ ሊልክበት ይችላል፤ ሽቦው እንደ ፍም ይግላል፤ ከበላዩ ያለው ደግሞ የነዳጁ ማጠራቀሚያ ነው። ለ7 አምፔር ጭነት የ10 አምፔር ፊውዝ ይበቃል፤ ሽቦው ግን ከ10 በላይ የሚችል መሆን አለበት። ፊውዙ ሲቃጠል በምትኩ የሲጋራ ብርና ምስማር የሚያስገባ ሰው፥ ዘበኛውን አባሮ ሌባውን ያስገባ ነው።

ቀጥሎ ሪሌ የሚባለው ነው። ሪሌ በረኛ ነው። ቁልፉን ስትከፍቱ ከኋላ መብራት ሽቦ የሚመጣው ጥቂት ኤሌክትሪክ በረኛውን ያነቃዋል፤ እርሱም ከባትሪው የሚመጣውን ትልቁን በር ይከፍታል። ቁልፉ ሲዘጋ በሩም ይዘጋል፤ ሌባው መግቢያ ያጣል። በአብዛኞቹ ሪሌዎች ላይ የተጻፉት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፤ 30 ከባትሪው በፊውዝ በኩል፥ 87 ወደ ዕቃው፥ 86 ከቁልፉ፥ 85 ወደ ማሳ። አዲሱን ጭነት ግን በቀጥታ ከፊት መብራት ሽቦ ላይ አትቀጥሉ። ትርፉ ዕቃ የጋራውን ፊውዝ ቢያቃጥል፥ በሌሊት በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ሳላችሁ የፊት መብራታችሁ ይጠፋል።

በአዲሶቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ካን የሚባሉት ተጠማዝዘው የሚሄዱ ቀጫጭን ሽቦዎች ኃይል የሚያደርሱ አይደሉም፤ የሞተሩ ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩባቸው ናቸው። እነርሱን በስቶ ኤሌክትሪክ መውሰድ በሰዎች የስልክ መሥመር ላይ ምስማር መምታት ነው።

መንገዱንም ምረጡ። ሽቦው ከማርሚታው ይራቅ፤ ስለታም ጠርዝ ላይ አይለፍ። በመሪው አንገት ዙሪያ ለመዞር የሚበቃ ልቅ ይተውለት፤ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙራችሁ የሚወጠርና የሚቈነጠጥ መኖሩን እዩ። መጋጠሚያው በተገቢው መቈንጠጫ ተጨብጦ ውሃ በማያስገባ ቱቦ ይሸፈን፤ በጣት ጠምዝዞ ፕላስተር መለጠፍ ለሳምንት ይሠራል፥ በዝናብ ቀን ግን ይከዳል። ማሳውም ቀለም በተቀባ ብረት ላይ አይያዝ፤ ወይ ቀለሙን ፍቃችሁ፥ ወይም በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መልሱት። ኤሌክትሪክ የሄደበትን ያህል የሚመለስበት መንገድ ካላገኘ አይሠራም።

ሲያልቅ ሞተሩን አስነሥታችሁ ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጊዜ አብሩ፤ መለኪያውን እዩ፤ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ሽቦውንና መጋጠሚያውን በእጃችሁ ዳብሱ። የሚሞቅ ሽቦ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው። ሞባይላችሁን በመሪው ላይ ለማሰር ብታስቡ ደግሞ፥ አፕል በ2021 ዓ.ም. የኃይለኛ ሞተር ብስክሌት ንዝረት የስልኩን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል ማስጠንቀቁን አትርሱ።

በአገራችን ለሥራ የሚነዱት ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ዲናሞአቸው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ሕጉ ግን ለትንሹም ለትልቁም አንድ ነው፤ እንዲያውም ደመወዙ ሲያንስ ሒሳቡ ይጠብቃል።

ከዚህ ጉዞ ምን እንወስዳለን?

ከሞሪ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው የገጠር ባቡር ካኬጋዋ ላይ ከዋናው መሥመር ጋር ያገናኛችኋል። ጊዜ ካላችሁ የሱዙኪን የታሪክ አዳራሽ ሳታዩ አትለፉ፤ ከሃማማትሱ ቀጥሎ ባለው በታካትሱካ ጣቢያ አጠገብ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው፥ ግን አስቀድሞ ቀጠሮ ማስያዝ ያስፈልጋል። ከሽመናው መኪና እስከ ፈጣኖቹ ሞተሮች ድረስ በተራ ቆመዋል። ያማሃም በጎረቤት ከተማ በኢዋታ ተመሳሳይ አዳራሽ አለው።

እኛ ዘንድ ቀጥቃጭ የሚለው ቃል ለረጅም ዘመን የስድብ ቃል ሆኖ ኖሯል። ማረሻችንንና ጦራችንን የሠራልንን ሰው በዐይኑ እንዳይበላን ፈራነው፥ ልጃችንንም አንድርለት አልን። ዛሬ ስድቡ ቀንሶ ይሆናል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ቀይሮ በመካከላችን አለ። የኦምን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ አሳምሮ የሚጽፈው ተማሪ የቤቱ ፊውዝ ሲቃጠል ሌላ ሰው ያስጠራል፤ መፍቻ የሚይዘው ልጅ ደግሞ ሕጉን የሚነግረው መምህር አያገኝም። አንዱ ያለ እጅ፥ አንዱ ያለ ደብተር ይቀራል። የሃማማትሱ ሰው ግን እጁ ሲያቅተው ወደ ትምህርት ቤት ሄደ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እጁን አልናቀም። የዚያች ከተማ ምስጢር ይኸው ብቻ ነው።

ኤሌክትሪክ ማዕረግ አያውቅም። ዲግሪ ያለውንም የሌለውንም እኩል ያቃጥላል፥ ለሚጠነቀቅለት ሁሉም እኩል ይታዘዛል። ስለዚህ በሚመጣው የዕረፍት ቀን ከወንድማችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ሞተር ብስክሌት አጠገብ አንድ የቮልት መለኪያ ይዛችሁ ቁሙ። ቁጥሩን አንብቡ፥ ሽቦውን ከባትሪው እስከ መብራቱ፥ ከመብራቱ እስከ ባትሪው ድረስ በጣታችሁ ተከተሉት። እጃችሁ በጥቂቱ ይቈሽሻል፤ የተማራችሁት ግን ያን ጊዜ የእናንተ ይሆናል።